የተሰነጠቀ አጥንትን ያሳየን ሮንትገን

የጋሪ ፈረስ ማነከስ ሲጀምር ባለቤቱ በቅድሚያ ሰኮናውን አንስቶ ይመለከታል። ጠጠር ወይም ምስማር ካላገኘ ወለምታ ነው ብሎ ወደ ሥራ ይመልሰዋል። ችግሩ ግን ከቆዳው ሥር፣ አጥንቱ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ስውር ጉዳት ለማየት ያበቃን ሰው ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ይባላል። በዛሬው ዓምዳችን የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ እናቀርብላችኋለን።

ሮንትገን እ.ኤ.አ መጋቢት 27 ቀን 1845 ጀርመን ውስጥ ሌኔፕ በተባለች ከተማ ከጨርቅ ነጋዴ አባት ተወለደ። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ኔዘርላንድ በመሄዱ ያደገው እዚያ ነው። ተማሪ ሳለ የመምህሩን የማላገጫ ሥዕል የሳለውን ጓደኛውን አላጋልጥም በማለቱ ከትምህርት ቤት ተባረረ። በኋላ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ገብቶ ምህንድስና ተማረ፤ እ.ኤ.አ በ1869 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። እጀ ብልህ ስለነበር ብዙዎቹን የሙከራ ዕቃዎች ራሱ ይሠራቸው ነበር።

ታላቁ ቀን ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም ነበር። በእኛ አገር የአፄ ምኒልክ ጦር በፈረስና በበቅሎ ወደ ሰሜን በሚዘምትበት ሰሞን ማለት ነው። ሮንትገን በዉርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን የመስታወት ቱቦ በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ሳለ፣ ራቅ ብሎ የነበረ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ለሳምንታት ከቤተ ሙከራው ሳይወጣ ምክንያቱን ፈለገ። የባለቤቱን የአና ቤርታን እጅ ሲያነሣ አጥንቶቿና የጣት ቀለበቷ ወጡ። አደን ይወድ ስለነበር ጠመንጃውንም አንሥቶ በብረቱ ውስጥ የነበረውን እንከን አየ። ለአንባቢዎቻችን ከእጁ ይልቅ ይህ ሳይቀርብ አይቀርም።

ግኝቱ እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። ከኢትዮጵያ ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረው ጥይት እ.ኤ.አ በ1896 ኔፕልስ ላይ በዚሁ ጨረር ተፈልጓል። ራጅ የምንለውም ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የእንስሳት ሐኪሞች የፈረስ እግር አነሡ።

የፈረስ እግር ከጉልበት በታች ሥጋ ስለሌለው ለራጅ ምቹ ነው። ሐኪሙ ቅልጥሙን፣ መጋጠሚያዎቹንና ሰኮናው ውስጥ ያሉትን አጥንቶች ከተለያየ አቅጣጫ ያነሣል። ሆኖም አዲስና ቀጭን ስንጥቅ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን አሳርፎ እንደገና ማንሣት ያስፈልጋል። ሲቲ ስካን አጥንቱን በስስ በስሱ ከፋፍሎ ያሳያል። ኤም አር አይ ደግሞ ጅማትንና አጥንት ውስጥ ያለውን ጉዳት ጭምር ያወጣል፤ ፈረሱን እንደቆመ የሚያነሣ መሣሪያም አለ። አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ እግሩን የተጎዳ ሰው ይህን ሁሉ ሊታዘዝለት ይችላል። የጋሪ ፈረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በዓይንና በእጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በድንገት ክፉኛ ያነከሰን ፈረስ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጋሪ ላይ መጥመድ አደጋ አለው። በአስፋልት ላይ ሲሮጥ ስንጥቁ ወደ ሙሉ ስብራት ይለወጣል፤ ቅልጥሙ ሙሉ በሙሉ የተሰበረ ፈረስ ደግሞ እምብዛም አይድንም። የቤተሰቡም የዕለት ገቢ አብሮት ይቆማል።

ሮንትገን ከግኝቱ ሊበለጽግ ይችል ነበር። የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም፤ ማንም እንዲጠቀምበት ተወው። እ.ኤ.አ በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝም ገንዘቡን ለዉርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ባለቤቱ እ.ኤ.አ በ1919 ሞተችበት። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመንን የመታው የዋጋ ንረት ያጠራቀመውን በላው። እ.ኤ.አ የካቲት 10 ቀን 1923 ሙኒክ ውስጥ በአንጀት ካንሰር አረፈ፤ አስከሬኑም ጊሰን ከተማ ከወላጆቹና ከባለቤቱ አጠገብ ተቀበረ።