ከዳቦ ምድጃ እስከ ቁጠባ ሣጥን፦ የራይፋይዘን ሕይወት



በየወሩ ቁጠባችንን ይዘን ስንሰበሰብ፣ ከመካከላችን አንዷ በጓደኞቿ ዋስትና ብድር ስትወስድ፣ ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ ብዙም አናስብም። ዕቁብንና ዕድርን ከእናቶቻችን ወርሰናል። የቁጠባና ብድር ማኅበር ደንብ ግን ብዙው ነገሩ ወደ አንድ ጀርመናዊ የገጠር ከንቲባ ይመለሳል። ስሙ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን ይባላል። በዚህ እትም የእሱን ሕይወት መጻፍ የመረጥነው ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ከተነሳው ክርክር የተነሳ ነው። ክርክሩን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ራይፋይዘን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1818 በዚግ ወንዝ ዳር በምትገኝ ሐም በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ብዙ ልጆች ካሉበት ቤት ስለወጣ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። በ17 ዓመቱ የመድፈኛ ጦር ውስጥ ገባ። ነገር ግን ዓይኑን ታመመና ከውትድርና ወጥቶ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። በ1845 ቫየርቡሽ ለሚባል የገጠር አካባቢ ከንቲባ ተደርጎ ተሾመ።

በዚያ ዘመን የጀርመን ገበሬ ከጌቶች ግዴታ ነፃ ከወጣ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ነፃነቱ ግን ገንዘብ ይዞለት አልመጣም። መሬቱ ጠባብ፣ አፈሩም ስስ ነበር። ዘር ሲያልቅበት ወይም ላሙ ስትሞትበት የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው። ባንክ የሚባለው ነገር ለከተማ ነጋዴ እንጂ ለእሱ በሩን አይከፍትም። አንድ ክፉ ዓመት ከመጣ ላሚቱም ጎጆውም በዕዳ ይሄዳሉ።

ክፉው ዓመት በ1846 መጣ። እህሉ ሳይሰጥ ቀረ፣ ድንቹንም በሽታ መታው። መንግሥት ዱቄት ላከ፣ ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንዲሸጥ የሚል ትእዛዝ አብሮ መጣ። የተራበው ሰው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ራይፋይዘን ትእዛዙን ተላልፎ ዱቄቱን በዱቤ አከፋፈለ። አቅም ያላቸውን ነዋሪዎች አሰባስቦ ገንዘብ አስዋጣ፣ የጋራ ዳቦ ቤት አሠራ፤ ዳቦውም በረከሰ ዋጋ፣ ላልቻለም በዱቤ ተሸጠ።

በ1848 ወደ ፍላመርስፌልድ ተዛወረ። በማግሥቱ ዓመት ስልሳ ያህል ባለጸጎችን አስተባብሮ የድሃ ገበሬዎች መርጃ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ከብት እየገዛ ለገበሬው ይሰጣል፣ ገበሬውም ዋጋውን ቀስ በቀስ ይከፍላል። ከዚያም ሄደስዶርፍ በሚባል ሌላ ቦታ ከንቲባ ሆኖ በ1854 የበጎ አድራጎት ማኅበር መሠረተ። ይህኛው ከብድር ሌላ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትንና ከእስር የተፈቱ ሰዎችንም ይረዳ ነበር።

ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ባለጸጎቹ ሰለቻቸው። ለሌላ ሰው ብድር በንብረታቸው ዋስ የሆኑት እነሱ፣ የሚጠቀሙት ሌሎች ነበሩ። ራይፋይዘን እዚህ ላይ ሐሳቡን ለወጠ። በ1864 የሄደስዶርፉን ማኅበር ወደ ብድር ማኅበር ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ተበዳሪው ራሱ አባል፣ ራሱም ዋስ ሆነ። ይህ ለእሱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሊጠጋ የደከመበት የምጽዋት መንገድ ብቻውን እንደማያዛልቅ ማመን ነበረበት።

በሒሳብ ክፍል የምንሠራው እኛ የዚህን ማኅበር ደንብ ስናነብ ደስ ይለናል። ማኅበሩ ሰዎች በሚተዋወቁበት ትንሽ አካባቢ ብቻ ይወሰናል። አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ ሁሉም ባላቸው ንብረት ተጠያቂ ናቸው፤ ስለዚህ ጎረቤት የጎረቤቱን ብድር ሥራ ላይ መዋሉን ይከታተላል። የሥራ አመራሩ ደመወዝ የለውም፤ የሚከፈለው ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ነው። ትርፉም ለአባላት አይከፋፈልም፣ ለክፉ ቀን በመጠባበቂያ ይቀመጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል የራሱ ቤት በሐዘን ተመትቶ ነበር። ባለቤቱ ኤሚሊ በ1863 አረፈች። የዓይኑም ሕመም እየባሰ ሄዶ በ1865 ከከንቲባነት ወጣ። በ1866 የብድር ማኅበራት የገጠሩን ችግር እንዴት እንደሚያቃልሉ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ለነበረው ሥራ ዓይንና እጅ የሆነችለት ልጁ አማሊ ናት። እሱ እየነገራት እሷ ትጽፋለች፣ ደብዳቤውን ታነባለች፣ መልሱን ትልካለች። አላገባችም፤ ዕድሜዋን ከአባቷ ሥራ ጋር አሳለፈች። ማኅበራቱ የሚጠሩት በእሱ ስም ነው። እኛ ግን ሌሊት ደብተር ስናስታርቅ የምናስታውሰው እሷንም ጭምር ነው።

ራይፋይዘን በ1888 አረፈ። ሐሳቡ ግን ከአገሩ አልፎ ብዙ አገሮች ደረሰ። በ2016 ዩኔስኮ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሐሳብና አሠራር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

አሁን ወደ ክርክራችን። በጉባኤው ላይ አንዳንዶቻችን ከደጋፊዎች የመጣው የብድር ገንዘብ ስጦታ ስለሆነ ባይመለስም ማንንም አይጎዳም ብለን ነበር። ደብተሩን ስናየው ከራሳችን ቁጠባ የወጣው ብድር በጊዜው ይመለሳል፣ ከስጦታው የወጣው ይዘገያል። ይህን ለደጋፊዎቻችን መደበቅ አልፈለግንም። በሄደስዶርፍ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሌላ ሰው ገንዘብ ዳቦ ቤቱን ያስጀምራል፤ ምድጃው እንዳይጠፋ የሚያደርገው ግን የራስ ማገዶ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከስጦታው ገንዘብ የምትበደር እህት ሁሉ እንደ ቁጠባው ብድር ከቡድኗ ሁለት ዋሶች ታቅርብ፤ ተመላሹም ተራዋን ለምትጠብቀው አባል ይሰጥ። ያን ጊዜ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ያልመለሰችው ያስቀረችው የእህቷን ተራ መሆኑ ይታያል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሸክሙን ስንካፈል ግን እያንዳንዳችን አንዷን ሎሚ መያዛችንን አንርሳ።