ሃስ፤ ስሙ በአቮካዶ የቀረው ፖስተኛ

በቆጋ መስኖ አቮካዶ ለሚያለሙ አርሶ አደሮች ሃስ የሚለው ስም አዲስ አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚቀርበው፣ ቅርፊቱ ወፍራምና ሸካራ የሆነው፣ ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር የሚለወጠው ዝርያ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የምንይዘው እንደማንኛውም የምርጥ ዘር መለያ ነው፤ የሰው ስም ይሆናል ብለን አናስብም። ሃስ ግን ሰው ነበር። ያውም የግብርና ተመራማሪ ወይም ባለሀብት ሳይሆን በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ደብዳቤ በየቤቱ የሚያድል ፖስተኛ። የዛሬው የግብርና ገጻችን የዚህን ሰው ሕይወት ይዳስሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ሃስ በ1892 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ተወለደ። በ1923 ባለቤቱን ኤልዛቤትንና ሕፃን ልጃቸውን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ አቀና። መጀመሪያ ያገኘውን ሥራ እየሠራ ቆየ፤ በኋላ በፓሳዴና ከተማ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ክፍያው በሰዓት 25 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። አንባቢ ይህን ቁጥር ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

በዚያ ዘመን አቮካዶ ለካሊፎርኒያ ገበሬ ገና እንግዳ ተክል ነበር። ዛፉ ፐርሲያ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ሲሆን ከቀረፋ ዛፍ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ መነሻውም ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በ1911 ከሜክሲኮዋ አትሊክስኮ የመጣ አንድ ዝርያ፣ በ1913 ካሊፎርኒያን ከመታው ከባድ ውርጭ በመትረፉ በስፓኒሽ ቋንቋ ጠንካራ ለማለት ፉዌርቴ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ገበሬውም ነጋዴውም አቮካዶ ሲል ፉዌርቴን ማለቱ ነበር። የፉዌርቴ ቅርፊት ስስ ነው፤ ሲበስልም አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል።

ሃስን ወደ አቮካዶ የሳበው በአንድ መጽሔት ላይ ያየው ሥዕል እንደሆነ ይነገራል። ሥዕሉ ቅርንጫፎቹ ላይ የዶላር ኖቶች የተንጠለጠሉበት የአቮካዶ ዛፍ ነበር። ለወር ደሞዝተኛ ፖስተኛ እንዲህ ያለ ሥዕል ምን ያህል እንደሚያጓጓ መገመት አያዳግትም። ሃስ ያለውን ጥሪት አሟጦ፣ የጎደለውን ከእህቱ ከአይዳ ተበድሮ፣ ላ ሃብራ ሃይትስ በተባለ ስፍራ አንድ ኤከር ተኩል መሬት ገዛ። በእኛ አገር ልክ ከሁለት ጥማድ ብዙም የማይበልጥ ማሳ ነው። የፖስታ ቤት ሥራውንም አልለቀቀም።

ዕቅዱ እንደሌላው ሁሉ ፉዌርቴን ማልማት ነበር። ዘር የገዛው በዊቲየር ከተማ ችግኝ ያፈላ ከነበረ ሪዳውት ከሚባል ሰው ነው። ሪዳውት ዘር ከየትም የሚሰበስብ፣ ከምግብ ቤት የሚጣለውን እንኳ የማይንቅ ሰው ነበር። በመሆኑም የሃስ ዘሮች እናት ዛፍ የቷ እንደነበረች የሚያውቅ የለም። በ2019 የታተመ የዘረመል ጥናት ሃስ የሜክሲኮና የጓቲማላ አቮካዶዎች ድብልቅ መሆኑን አረጋግጧል፤ ዛፉን ግን ለይቶ ማመልከት አይቻልም። ሃስ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ዘር ተከለ፤ ሲበቅሉ ጠንካራውን አስቀርቶ ሁለቱን ነቀለ።

እዚህ ላይ ለአቮካዶ ጀማሪዎች አንድ ነገር ማብራራት ተገቢ ነው። የአቮካዶ ዘር እናቱን አይደግምም። ከአንድ ዛፍ የተለቀሙ አሥር ዘሮች ቢተከሉ አሥር የተለያዩ ዛፎች ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም እስኪያፈሩ ብዙ ዓመት አስጠብቀው የረባ ፍሬ አይሰጡም። የሚፈለገውን ዝርያ ለማግኘት ከዘር በበቀለው ችግኝ ግንድ ላይ ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ማዳቀል፣ ባለሙያዎች እንደሚሉት ግራፍቲንግ ማድረግ ያስፈልጋል። ሥሩ የአንዱ፣ ላይኛው አካል የሌላው ይሆናል ማለት ነው።

ሃስም ይህን የሚሠራ ኮልኪንስ የሚባል ባለሙያ ቀጠረ። አብዛኞቹ ችግኞች የፉዌርቴን ቀንበጥ ተቀበሉ። እምቢ ያሉት በድጋሚ ተሞከሩ። አንዱ ግን ደግመው ደጋግመው ቢያዳቅሉትም የተለጠፈበትን ቀንበጥ እያደረቀ አስቸገረ። ሃስ ተሰላችቶ ሊቆርጠው ወሰነ። ያን ጊዜ ኮልኪንስ ዛፉ ጤናማና ጠንካራ መሆኑን አይቶ፣ ባይዳቀልም እንዳይነካና በራሱ ጊዜ እንዲያድግ መከረው። ሃስም ምክሩን ሰማ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት፣ ከሃስ እኩል ሊነሳ የሚገባው ስም የኮልኪንስ ነው። ባለቤቱ ለመቁረጥ በቸኮለበት ሰዓት ዛፉን በባለሙያ ዓይን ያየው እሱ ነበርና። ስሙን ግን የትኛውም ፍሬ አልያዘውም።

ዛፉ ገና ለጋ ሳለ ማፍራት ጀመረ። ፍሬው ከለመዱት የተለየ ነበር፤ ቅርፊቱ ሸካራ፣ ሲበስልም ጥቁር ሐምራዊ። ሃስ መጀመሪያ ብዙም ቦታ አልሰጠውም። ዋጋውን የለዩት ልጆቹ ናቸው፤ ከፉዌርቴው ይልቅ የዚያን ዛፍ ፍሬ ይመርጡ ጀመር። አባትየው ራሱ ሲቀምሰው ሥጋው ቅባት የበዛበት፣ ጭረት የሌለውና ጣዕሙ የላቀ ሆኖ አገኘው።

ከቤት የተረፈውን ለፖስታ ቤት ባልደረቦቹ ይሸጥ ጀመር። ቀጥሎ በፓሳዴና ኮሎራዶ ጎዳና ላይ ለነበረ አንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ማቅረብ ያዘ። የሀብታም ቤት ምግብ አብሳዮች አንዱን ፍሬ በ1 ዶላር ይገዙት ነበር። አሁን ያቺን 25 ሳንቲም እናስታውስ። አንድ አቮካዶ ፖስተኛው አራት ሰዓት ሙሉ ደብዳቤ ሲያድል የሚያገኘውን ያወጣ ነበር፤ ያውም አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ በነበረችበት ዘመን።

አሜሪካ በ1930 ባወጣችው ሕግ አዲስ የዕፅዋት ዝርያ ያገኘ ሰው የባለቤትነት መብት ማስመዝገብ ይችል ነበር። ሃስ ዛፉን በራሱ ስም ሰይሞ አመለከተ፤ በነሐሴ 1935 የዕፅዋት ባለቤትነት ቁጥር 139 ተሰጠው። መብቱ ለ17 ዓመት የሚጸና ነው። በዚያው ጊዜ ሃሮልድ ብሮካው ከሚባል የዊቲየር ችግኝ አፍይ ጋር ተዋዋለ። ብሮካው የሃስን ችግኝ አዳቅሎ ይሸጣል፤ ከሽያጩ 75 በመቶው ለእሱ፣ 25 በመቶው ለሃስ ይሆናል።

በወረቀት ላይ መልካም ውል ነበር። ችግሩ ያለው ዛፉን ማራቢያው ቀላል መሆኑ ላይ ነው። አንድ ገበሬ ከብሮካው አንድ ችግኝ ብቻ ይገዛና ሲያድግ ቀንበጡን እየቆረጠ ማሳውን በሙሉ ያዳቅልበታል፤ ጎረቤቱም ከእሱ ይወስዳል። ይህን የሚቆጣጠር አልነበረም። ሃስ በ17ቱ ዓመታት ከመብቱ ያገኘው ገንዘብ ተደምሮ 5 ሺህ ዶላር ገደማ ቢሆን ነው። በዓመት ሲካፈል 300 ዶላር እንኳ አይሞላም።

በእኛ ገጠር ዘርና ችግኝ ከጎረቤት መለዋወጥ ደግነት እንጂ ነውር አይደለም፤ እነዚያን ገበሬዎች ሌባ ማለት ለብዙ አንባቢያችን ይከብዳል። ዝርያው በካሊፎርኒያ ኮረብታዎች ላይ የተስፋፋው ደግሞ ከነጻው ቀንበጥ ጭምር ነው። ይሁን እንጂ አምስት ልጆች ያሉት ፖስተኛ፣ ሌላው በእሱ ዛፍ ሲከብር እያየ ደብዳቤ ማደሉን መቀጠሉን ስናስብ ነገሩ ቀላል አይሆንም።

ገበያውም ቶሎ አልተቀበለውም። አረንጓዴ አቮካዶ የለመደ ሸማች ጥቁሩን ሲያይ የተበላሸ ይመስለው ነበር። ዘግይቶ ሃስን ያነገሠው ግን ያው የተናቀው ቅርፊቱ ነው፤ ወፍራም በመሆኑ ረጅም ጉዞ ይችላል፤ መጥቆሩም መብሰሉን ያሳያል። ለአምራቹ ደግሞ ፍሬው ከደረሰ በኋላ ለወራት ዛፉ ላይ ሊቆይ መቻሉ የሽያጭ ጊዜን ለመምረጥ ያግዛል። ፉዌርቴ አንድ ዓመት አፍርቶ ቀጣዩን የማረፍ ጠባዩ ሲያስቸግር ሃስ የተሻለ ምርት ይሰጣል። በ1970ዎቹ ፉዌርቴን ቀድሞ በካሊፎርኒያ አንደኛ ሆነ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚዘዋወረው አቮካዶ አብላጫው ሃስ ነው። ፉዌርቴን ጨርሶ መተው ግን አይመከርም። የሃስ አበባ በሴትነት የሚከፈተው ጠዋት ሲሆን ፉዌርቴ በዚያ ሰዓት የወንዴ ዱቄቱን ይለቃል፤ በመካከሉ ጥቂት የፉዌርቴ ወይም የኤቲንገር ዛፍ የተከለ አምራች የተሻለ ፍሬ ይይዛል።

ሃስ ይህን ሁሉ አላየም። በኋለኞቹ ዓመታት በፎልብሩክ 80 ኤከር፣ ማለትም 32 ሄክታር ገደማ የአቮካዶ እርሻ አቋቁሞ ነበር። በ1952 በዚያው በፎልብሩክ ሆስፒታል በልብ ሕመም ሞተ። የባለቤትነት መብቱ ያበቃውም በዚሁ ዓመት ነው። ባለቤቱ ኤልዛቤት ግን ረጅም ዕድሜ አግኝታ እስከ 1990ዎቹ ኖራለች።

እናት ዛፏ ከሁሉም በላይ ቆየች። የአሜሪካ፣ የሜክሲኮ፣ የፔሩ፣ የኬንያም ሆነ የቆጋ ሃስ በሙሉ ቀንበጥ በቀንበጥ ሲቆጠር መነሻው እሷ ናት። አካባቢው የመኖሪያ መንደር ሆኖ ሳለ በቤቶች መካከል ቆማ ታፈራ ነበር። በመጨረሻ የገደላት ሥር አበስባሽ በሽታ ነው። አምጪው ተሕዋስ በ1922 በሱማትራ ደሴት በቀረፋ ዛፍ ላይ የተለየ ሲሆን ውኃ በሚተኛበት አፈር ይበረታል። ዛፏ ከዘር በበቀለ የራሷ ሥር ላይ የቆመች በመሆኗ መከላከያ አልነበራትም። ዛሬ በሽታውን የሚቋቋሙ ሥሮች ተመርጠው ይዳቀሉባቸዋል፤ ስለዚህ ችግኝ የሚገዛ አርሶ አደር ላይኛው አካል ሃስ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ሥሩ ከምን እንደመጣ ጭምር ቢጠይቅ፣ ውኃ በሚቋጥር ማሳ ላይም ከመትከሉ በፊት የማፋሰሻ ቦይ ቢያወጣ ይበጀዋል።

ዛፏን ለማዳን ለዓመታት ተሞክሮ አልሆነም። በመስከረም 2002 ተቆረጠች፤ ግንዷም ቬንቱራ ወደሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ተወስዶ ተቀመጠ። የጣቢያው ስም ብሮካው ይባላል።