ኡማሻንካር ጆሺ፦ የመንደሩን አነጋገር መድረክ ላይ ያወጣ ባለቅኔ

ከመካከላችሁ በሞምባሳ ወይም በናይሮቢ ገበያ ያለፈ ካለ፣ በሱቁ ውስጥ ቆሞ ከቤተሰቡ ጋር በማይገባን ቋንቋ የሚነጋገር ህንዳዊ ነጋዴ አይቶ ይሆናል። የጥንት የአዲስ አበባ ነዋሪዎችም «ባንያን» እያሉ የሚጠሯቸውን የህንድ ነጋዴዎች ያስታውሳሉ። ከእነዚህ ነጋዴዎች የብዙዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ጉጃራቲ ይባላል። አገሩ በምዕራብ ህንድ ያለችው ጉጃራት ናት። በ2011 በተደረገው የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቋንቋቸው ጉጃራቲ እንደሆነ ተመዝግቧል። እኛ ይህን ቋንቋ ብናውቀው በሸቀጥ ዋጋ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን በዚህ ቋንቋ ግጥምና ተውኔት ስለ ጻፈ አንድ ታላቅ ሰው እናጫውታችኋለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኡማሻንካር ጆሺ ጁላይ 21 ቀን 1911 ተወለደ። መንደሩ ባምና ትባላለች፤ በሰሜን ጉጃራት በኢዳር አካባቢ፣ በአራቫሊ ተራሮች አጠገብ የምትገኝ ኮረብታማ የገጠር መንደር ናት። አባቱ ጄታላል የትንንሽ ባለርስቶችን ርስት የሚቆጣጠር ሰው ነበር። እናቱ ናቫልባይ ትባላለች። ልጁ ኮረብታ መውጣትና መውረድ፣ በየገበያውና በየበዓሉ የሚሰበሰበውን የገጠር ሰው ወሬና ዘፈን ማዳመጥ እየወደደ አደገ። በኋላ ዘመን ከጻፋቸው ግጥሞች ሁሉ የጉጃራት ተማሪዎች በይበልጥ የሚያውቁት አንዱ ግጥሙ፣ መንገድ መሪ ሳይዙ በኮረብቶች መካከል ብቻን ስለ መዞር የሚናገረው ነው። ይህን ግጥም ለመጻፍ ባምና መወለድ ሳያስፈልግ አይቀርም።

የመንደሩን ትምህርት እንደ ጨረሰ ወደ ኢዳር ከተማ ተልኮ በአዳሪነት ተማረ። እዚያ አዳሪ ቤት ውስጥ ፓናላል ፓቴል የሚባል አንድ ድሃ ልጅ ነበረ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ፓናላል ድህነት ስለ ተጫነው ከአራተኛ ክፍል ማለፍ አልቻለም፤ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ኡማሻንካር ግን ቀጠለና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በአህመዳባድ ፈጽሞ በ1928 እዚያው ከተማ ጉጃራት ኮሌጅ ገባ። በዚሁ ዓመት አቡ በተባለው ተራራ ላይ ያለውን የናኪን ሐይቅ በሙሉ ጨረቃ አይቶ ስለዚያ ሌሊት የጻፈው ግጥም በኮሌጁ መጽሔት ወጣ። ዕድሜው ገና 17 ነበር።

እንግዲህ የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ነው የአገሩ ታሪክ በር ላይ መጥቶ የቆመው። ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ሕዝቡ ከባሕሩ ዳር ጨው እንኳ አውጥቶ ግብር ሳይከፍል መጠቀም በሕግ ተከልክሎ ነበር። ማርች 12 ቀን 1930 ማህተመ ጋንዲ ከአህመዳባድ ሰፈራቸው ተነሥተው፣ 78 ተከታዮች አስከትለው፣ 24 ቀን በእግራቸው ተጉዘው ዳንዲ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ደረሱና ከመሬት ጨው አነሡ። እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ሕጉ ተጣሰ። የኡማሻንካር ኮሌጅ ጉዞው በተነሣበት ከተማ ውስጥ ነበር። ወጣቱ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ትግሉ ገባ።

ሁለት ጊዜ ታሰረ። የመጀመሪያው 14 ሳምንት፣ ሁለተኛው በ1932 ስምንት ወር ነበር። በሳባርማቲ፣ በየርዋዳና በቪሳፑር እስር ቤቶች ቆይቷል። በሁለቱ እስራት መካከል፣ በ1931፣ «ቪሽዋሻንቲ» (የዓለም ሰላም) የተባለውን በስድስት ክፍል የተጻፈ ረጅም ግጥሙን አሳተመ። የ20 ዓመት ወጣት ስለ ዓለም ሁሉ ሰላም መጻፉ ድፍረት ነው፤ ወጣትነቱም በግጥሙ ላይ ይታያል። ሆኖም ጉጃራት አዲስ ባለቅኔ ማግኘቷን ያወቀችው በዚህ መጽሐፍ ነው። በ1934 «ጋንጎትሪ» የተባለው መድበል ተከተለ። በዚህ ዘመን ከጻፋቸው ግጥሞች አንዱ የተራበ ሰው ሆድ ውስጥ ስለሚነድ እሳት ነው። ሰላም ሰላም ያለው ብዕር ረኀብን አልዘለለም ማለት ነው።

ከመካከላችሁ ትምህርቱ አንድም ጊዜ ያልተቋረጠበት ብዙ ሰው እንደማይገኝ እናውቃለን። ስለዚህ የሚቀጥለውን በጥሞና አንብቡ። ኡማሻንካር ከእስር ወጥቶ፣ እኩዮቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ ከገቡ በኋላ፣ እንደገና ተማሪ ሆነ። ቦምቤይ (ዛሬ ሙምባይ) ሄዶ በ1936 በኢኮኖሚክስና በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። የ25 ዓመት ሰው ነበር። በ1938 ደግሞ በጉጃራቲና በሳንስክሪት ቋንቋዎች ሁለተኛውን ጨመረ። በ1937 ጆትስና የምትባል ወጣት አግብቶ በቦምቤይ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረ ነበር። የጠፉበትን ዓመታት ግን በከንቱ አልቆጠራቸውም፤ ዲግሪውን በያዘበት በ1936 ያወጣው መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ነው።

ይህ መጽሐፍ «ሳፕና ባራ» የተባለው ባለ አንድ ገቢር ተውኔቶች ስብስብ ነው። ትርጉሙ «የእባብ ሸክም» ማለት ነው። እባብን አስሮ የሚሸከም ማን ነው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በጉጃራት ሴት ልጅ የእባብ ሸክም ናት የሚል አነጋገር አለ። ሴት ልጅ የወለደ አባት እስኪድራት ድረስ ሰግቶ፣ ተጨንቆ፣ መቼ ትነድፈኝ ይሆን እያለ ይሸከማታል ለማለት ነው። በዚያ ዘመን ሴቶች ገና በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር። በከፍተኛው የትውልድ ደረጃ፣ ካስት በሚሉት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሕፃን እንኳ ብትሆን እንደገና ማግባት አይፈቀድላትም ነበር። ኡማሻንካር የመንደሩን ሽማግሌዎች አነጋገር ወስዶ የመጽሐፉ ስም አደረገው። ሸክም የተባሉትን ሴቶች ኑሮም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያዩት ዘንድ በብርሃን ፊት አቆመው።

ከዚያ በፊት የጉጃራቲ መድረክ በሙያ ተዋንያን ቡድኖች እጅ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚታየው የነገሥታትና የአማልክት ታሪክ ነው፤ ዘፈኑ ብዙ፣ ልብሱ የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ ከፍ ያለ። የኡማሻንካር ሰዎች ግን ገበሬዎች፣ ባልቴቶችና ጎረቤቶች ናቸው። የሚናገሩትም በመጽሐፍ ቋንቋ ሳይሆን በሰሜን ጉጃራት ገጠር አነጋገር ነው። ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት፣ የጎጃሙ ገበሬ በጎጃምኛው፣ የመንዙ በመንዝኛው፣ አንድም ቃል ሳይታረምበት መድረክ ላይ ሲናገር አስቡት። ገጠሬ በተውኔት ውስጥ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ለማሳቅ ነው። እዚህ ግን የሚያለቅሰውም፣ የሚፈርደውም፣ የሚበድለውም በዚያው አነጋገር ነው። በእኛ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ለአዲስ አንባቢ ቅርብ የሆነው ይህ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ፓናላል እንመለስ። ከአራተኛ ክፍል የወጣው ልጅ በመጠጥ መጥመቂያ ሠራ፤ ሌላም ያገኘውን ሁሉ ሠራ። በዚሁ በ1936 አህመዳባድ ላይ የጉጃራቲ ሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ተደረገ፤ ሰብሳቢው ጋንዲ ነበሩ። ፓናላልም የድሮ የአዳሪ ቤት ጓደኛውን እዚያ አገኘው። አንዱ የታወቀ ባለቅኔ ሆኗል፤ ሌላው የቀን ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል። ኡማሻንካር ጓደኛውን ጻፍ አለው። በአራተኛ ክፍል ትምህርት እንዴት ይጻፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ «ሳፕና ባራ»ን የጻፈው ሰው ለምን እንዲህ እንዳለ አልገባውም። ያ ጓደኛ የመንደሩን ሰው አነጋገር ከማንኛውም የኮሌጅ ምሩቅ ይበልጥ ያውቅ ነበር። ፓናላል ጻፈ። በ1947 «ማንቪኒ ባቫይ» የተባለውን ልቦለድ አወጣ። ታሪኩ ከ1899 እስከ 1900 በደረሰው ታላቅ ረኀብ ዙሪያ ነው። ጉጃራቶች ያን ረኀብ በራሳቸው ዘመን አቆጣጠር «ሃምሳ ስድስት» ብለው በዓመቱ ይጠሩታል፤ እኛ «የሰባ ሰባቱ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ኡማሻንካር በ1939 «ኒሺት» (እኩለ ሌሊት) የተባለውን የግጥም መድበል አሳተመና በዚያው ዓመት ወደ አህመዳባድ ተመለሰ። በ1944 የወጣው «ፕራቺና» ግጥምም ተውኔትም ነው። ሰዎቹ ከጥንቱ የህንድ ታሪክና አፈ ታሪክ፣ ይበልጡንም ማሃባራታ ከተባለው መጽሐፍ የመጡ ሲሆኑ፣ ነገራቸውን በቃል ምልልስ ያካሂዳሉ። ማሃባራታ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ወንድማማቾች 18 ቀን ይዋጋሉ። ኡማሻንካር በአንዱ ክፍል የመረጠው ጦርነቱን አይደለም። የመረጠው 19ኛውን ቀን፣ ማለዳውን ነው። አሸናፊው አለ፤ የሚነግሥለት ሰው ግን አልቋል። ይህ ሲጻፍ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም ነበር።

በ1947 ህንድ ነፃ ወጣች። ኡማሻንካር በዚሁ ዓመት «ሳንስክሪቲ» የተባለ መጽሔት መሥርቶ እስከ 1984 ድረስ ለ37 ዓመታት አዘጋጀ። መጽሔት ያዘጋጀ ሰው ይህ ቁጥር ምን ያህል ድካም እንደሆነ ይገባዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ሰውየው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የጋንዲ ዘመን ጥሩ ባለቅኔ ተብሎ ይቀር ነበር። በ1956 ግን፣ በ45 ዓመቱ አካባቢ፣ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። «ቺናቢና ቹ» የተባለ ግጥም ጻፈ። ርእሱ ሰውየው ራሱን ብትንትን ያለ፣ የተቆራረጠ ሰው ብሎ የጠራበት ነው። እስከዚያ ድረስ የጉጃራቲ ግጥም በአብዛኛው ረጃጅምና አጫጭር ቀለማትን እየቆጠረ በተወሰነ ልክ ይሄድ ነበር፤ የእኛ ገጣሚ የወል ቤትን ልክ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ይህ ግጥም ግን ልኩን ይጀምርና ይሰብረዋል፤ አንዱን ምጣኔ ከሌላው ይቀላቅላል፤ አንዳንዴም ወደ ተራ ንግግር ይወርዳል። የተሰባበረ ሰው ባልተሰበረ ዜማ ቢናገር ውሸት ይሆንበት ነበር። በ20 ዓመቱ ዓለምን በሙሉ በአንድ ዜማ ሰላም ያለው ወጣት፣ ጎልምሶ የራሱን ልብ እንኳ አንድ ማድረግ እንዳቃተው በአደባባይ ተናገረ። ብዙ ሐያስያን የጉጃራቲን ዘመናዊ፣ ሞደርኒስት የሚባለውን ግጥም ከዚህ ይጀምሩታል። ከእሱ የተከተሉት ወጣት ገጣሚዎች ልኩን ጨርሰው ጥለውት ሄዱ። እሱ ግን የሰበረውን ነገር በደንብ ያውቀው ነበር፤ ለዚህም ይመስለናል ስብራቱ የሚሰማው።

ይህ ግጥም ብቻውን አልቀረም። ኡማሻንካር በ25 ዓመታት ውስጥ ስድስት ሌሎች ጨምሮበት ሰባቱን በአንድነት በ1981 «ሳፕታፓዲ» ብሎ አሳተማቸው። ቃሉ ሰባት እርምጃ ማለት ነው፤ በሂንዱ ሠርግ ሙሽሮቹ አብረው የሚራመዷቸው ሰባት እርምጃዎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ሹመቱንና ሽልማቱን ባጭሩ እንለፈው። ከ1966 እስከ 1972 የጉጃራት ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር ሆኖ ሠራ። በ1967 የህንድ ከፍተኛ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሆነውን ጅናንፒት ከካናዳ ቋንቋው ባለቅኔ ከኩቬምፑ ጋር ተካፈለ። (ይህ ካናዳ በደቡብ ህንድ የሚነገር ቋንቋ ነው እንጂ የምታውቁት አገር አይደለም።) ከ1978 እስከ 1983 የህንድ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ፕሬዝዳንት ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልንነግራችሁ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ከ1970 እስከ 1976 በሹመት የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት አባል ነበር። በጁን 1975 መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥቶ ጋዜጦችን በቅድመ ምርመራ ሥር ሲያደርግና ተቃዋሚዎችን ሲያስር፣ የተሾመ ሰው ዝም ይላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እሱ ግን በዚያው ምክር ቤት ተነሥቶ አዋጁን ተቃወመ። በወጣትነቱ በባዕድ መንግሥት ሁለት ጊዜ የታሰረ ሰው፣ በስተርጅናው ይህን የተናገረው በገዛ አገሩ መንግሥት ፊት ነው።

በ1985 የጅናንፒት ሽልማት እንደገና ወደ ጉጃራቲ መጣ። የወሰደው ከአራተኛ ክፍል የወጣው ፓናላል ፓቴል ነበር። ኡማሻንካር ይህን ለማየት በሕይወት ነበረ። ዲሴምበር 19 ቀን 1988 በቦምቤይ አረፈ፤ ዕድሜው 77 ነበር። ፓናላልም አራት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1989፣ ተከተለው።