ዊልያም ዊልበርፎርስና ሃያ ዓመት የፈጀው ሕግ

ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን የጦር ጀግና ወይም ንጉሥ መረጡ። እኛ ግን ሠራዊት መርቶ የማያውቅ፥ ቁመቱ አጭር፥ ዓይኑ ደካማ፥ ሆዱንም ዘወትር የሚያመውን አንድ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል መረጥን። ምክንያታችንም ይህ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ሕግ አወጣጥ ስንማር ረቂቁ ሦስት ጊዜ ይነበባል፥ ድምፅ ይሰጥበታል፥ ንጉሡም ይፈቅደዋል ሲባል ሰምተን ነገሩ የአንድ ሳምንት ሥራ መስሎን ነበር። የዊልያም ዊልበርፎርስን ታሪክ ካነበብን በኋላ ግን እንደ ተሳሳትን ዐወቅን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዊልበርፎርስ በ1759 ዓ.ም. ሐል በምትባለው የእንግሊዝ ወደብ ከባለጸጋ ነጋዴ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተበት። ኬምብሪጅ ገብቶ ሲማር ከመጽሐፍ ይልቅ ካርታ መጫወትና ግብዣ ይወድ ነበር። በ1780 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመት እንደ ሞላው ለትውልድ ከተማው እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ፤ ለምርጫውም ከ8,000 ፓውንድ በላይ አወጣ። በዚያን ጊዜ መራጩን ማብላት፥ ማጠጣት፥ ገንዘብም ማቀበል የተለመደ ነበረና ማንም አልተደነቀም። እንደ ማንቸስተር ያለው ትልቅ ከተማ የራሱ እንደራሴ ሳይኖረው፥ ኦልድ ሳረም የሚባለው ነዋሪ የሌለበት ኰረብታ ሁለት ይልክ ነበር። ያን መልካም ሕግ ያወጣው ምክር ቤት እንዲህ ያለ ምክር ቤት እንደ ነበረ አንባቢ ይወቅልን።

በ1785 ዓ.ም. ገደማ ሃይማኖቱን ከልቡ ያዘና ከፓርላማ ለመውጣት አሰበ። ቀድሞ የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረው ቄስ ጆን ኒውተን ግን ባለበት እንዲቈይ መከረው፤ ወዳጁ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒትም እንዲሁ። በ1787 ዓ.ም. የባሪያን ንግድ የሚከለክል ሕግ ለማውጣት ቈረጠ። ማስረጃውን የሚያመጣለት ቶማስ ክላርክሰን ነበረ፤ ይህ ሰው በፈረስ ከወደብ ወደብ እየዞረ መርከበኞችን ይጠይቅ፥ እግር ብረትና ጣት መጭመቂያ እየገዛ ይሰበስብ ነበር። በዚያው ሰሞን ብሩክስ የተባለው መርከብ ሥዕል ታተመ፤ ከ480 የሚበልጡ ሰዎች ጎን ለጎን እንደ ዕቃ ተደርድረው ይታዩበታል። እኛም ሥዕሉን በመጽሐፍ አይተን ገጹን ቶሎ ለመግለጥ አልቻልንም።

አሁን የምክር ቤቱን አሠራር እንግለጽ። የእንግሊዝ ፓርላማ በሕዝብ እንደራሴዎችና በመኳንንት ምክር ቤት የተከፈለ ነው፤ በአገራችንም በ1923 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) በወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቁመው እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ረቂቅ መጀመሪያ ሲነበብ ርእሱ ብቻ ይሰማል። በሁለተኛው ንባብ በዐሳቡ ላይ ይከራከራሉ። ከዚያ በኰሚቴ አንቀጽ በአንቀጽ ይመረመራል፤ በሦስተኛው ንባብ ያልፋል ወይም ይወድቃል። ያለፈውም ወደ ሌላው ምክር ቤት ሄዶ ያንኑ መንገድ እንደ ገና ይጀምራል። በዚያ ዘመን ድምፅ ሲቈጠር አንደኛው ወገን ወደ ውጭ ወደ መተላለፊያው ይወጣል፥ ሌላው በአዳራሹ ይቀራል። የዓመቱ ስብሰባ ሳያልቅ ያልተፈጸመ ረቂቅ ደግሞ ይሞታል፤ በሚመጣው ዓመት ከመጀመሪያው መነሣት ግድ ነው። ጠላቶቹ የተጠቀሙት በዚህ ነው።

በ1789 ዓ.ም. ዊልበርፎርስ ከሦስት ሰዓት በላይ ተናገረ። ተቃዋሚዎቹ ግን አንቀበልም አላሉም፤ ምክር ቤቱ ራሱ ምስክር ይስማ አሉ። ምስክር ሲሰማ ሁለት ዓመት ሄደ። በ1791 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ በ163 ላይ 88 ብቻ አግኝቶ ተሸነፈ። በ1792 ዓ.ም. 519 የሕዝብ አቤቱታ መጣ። ያን ጊዜ ሄንሪ ደንዳስ የተባለው ሚኒስትር ንግዱ «ቀስ በቀስ» ይቅር የሚል ቃል አስገባና ውሳኔው በ230 ድምፅ በ85 ላይ አለፈ። መኳንንቱም እኛ ደግሞ የራሳችንን ምስክር እንስማ ብለው አቈዩት፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ከፈረንሳይ ጋራ ጦርነት ሲነሣ ስለ ባሪያ ነጻነት የሚናገር ሁሉ እንደ ዐመፀኛ ይቈጠር ጀመር።

ከሁሉ ያዘንነው ግን በ1796 ዓ.ም. በሆነው ነው። ረቂቁ ሁለተኛውን ንባብ አልፎ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ሲቈጠር 70 በ74 ሆነ። አራት ድምፅ! ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ ገጠር ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን እዚያው ለንደን በዚያች ማታ አዲስ አስቂኝ የዘፈን ቲያትር ለማየት ሄደው ነበር። ሕጉን ለማሳለፍ የሚበቃ ሰው በቲያትር ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ ሌሎች በመርከብ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው ቀሩ። እኛም በክርክር ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ቀረን ትዝ ብሎን ዐፈርን። ዊልበርፎርስ ግን በማግስቱ ዓመት ረቂቁን እንደ ገና አመጣው።

በ1804 ዓ.ም. የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት አሳለፈለት፤ በመኳንንቱ ዘንድ ግን ሳይፈጸም ቀረ። በ1806 ዓ.ም. ጄምስ ስቲቨን የተባለ የሕግ ዐዋቂ ብልኀት አገኘ። የእንግሊዝ ነጋዴ ለባዕድ አገር ቅኝ ግዛት ባሪያ እንዳያቀርብ የሚከለክል ረቂቅ ተዘጋጀ፤ በጦርነት ጊዜ ይህን መቃወም ጠላትን መርዳት መስሎ ይታያልና። ዊልበርፎርስም ነቅተው እንዳይነሡ ብሎ ዝም አለ። ሕጉ አለፈ። ሃያ ዓመት ሲናገር የኖረ ሰው በዝምታው ይህን ያህል መሥራቱ እጅግ ደስ ይላል።

በሚከተለው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ግሬንቪል ዋናውን ረቂቅ አስቀድሞ ወደ አስቸጋሪው ወደ መኳንንቱ ቤት አቀረበው፤ አለፈም። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1807 ዓ.ም. እንደራሴዎቹ በ283 ድምፅ በ16 ላይ ተቀበሉት። ሰር ሳሙኤል ሮሚሊ፥ ናፖሌዎን በዙፋኑ ላይ ሳለ ሕሊናው ሲያስጨንቀው ዊልበርፎርስ ግን ዛሬ ማታ በሰላም ይተኛል የሚል ንግግር ባደረገ ጊዜ ምክር ቤቱ በእልልታ ተቀበለው፤ ዊልበርፎርስም ዕንባውን አፈሰሰ። በማርች 25 ቀን የንጉሡ ፈቃድ ተሰጠ።

ይሁን እንጂ ሰውየውን መልአክ አናደርገውም። በ1799 ዓ.ም. ሠራተኞች ማኅበር እንዳያቋቁሙ የተከለከለበትን ሕግ ደግፎአል፤ ሴቶች በፀረ ባርነት ማኅበር ተሰብስበው መሥራታቸውንም አልወደደም። ደግሞም ነጻነት የመጣው በለንደን ንግግር ብቻ አይደለም። ራሱ ባሪያ የነበረው ኦላውዳ ኢኩዋኖ በ1789 ዓ.ም. የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ አሳትሞአል፤ በሃይቲ በ1791 ዓ.ም.፥ በጃማይካም በ1831 ዓ.ም. ባሮቹ ራሳቸው ተነሥተዋል።

በ1807 ዓ.ም. የተከለከለው ንግዱ ነው እንጂ ባርነቱ አይደለም። ዊልበርፎርስ በ1825 ዓ.ም. ታሞ ከፓርላማ ወጣ፤ ሥራውንም ለቶማስ ፎወል በክስተን አስረከበ። በጁላይ 26 ቀን 1833 ዓ.ም. ባርነትን የሚያስቀር ረቂቅ በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ማለፉን በአልጋው ላይ ሳለ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። የንጉሡ ፈቃድ የተሰጠው በኦገስት 28 ቀን ነው። ሕጉ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ወሰነ፤ ገንዘቡ የተከፈለው ግን ለጌቶቹ ነበረ። ለባሮቹ ምንም አልተሰጠም፤ እንዲያውም ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው እስከ 1838 ዓ.ም. ድረስ ያለ ደመወዝ ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተደረገ።