ፖል ጋልቪን፡ ሁለት ጊዜ ከስሮ የመኪና ሬዲዮን ለገበያ ያበቃው ሰው

እአአ በሰኔ 1930 የአሜሪካ ሬዲዮ አምራቾች በባሕር ዳርቻዋ አትላንቲክ ሲቲ ተሰብስበው ምርታቸውን ለነጋዴዎች ያሳዩ ነበር። ከቺካጎ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ የመጣው ፖል ጋልቪን ግን በአዳራሹ ቦታ የሚከራይበት ገንዘብ አልነበረውም። ስቱድቤከር መኪናውን ከጉባኤው ውጭ አቁሞ፣ የተገጠመላትን ሬዲዮ ድምፅ ከፍ አደረገው። አላፊ አግዳሚው ከመኪና ውስጥ ሙዚቃ ሲፈስ ሰምቶ ይቆም ጀመር። ጋልቪን ወደ ቺካጎ የተመለሰው ትዕዛዝ ይዞ ነው።

ይህ ሰው መሐንዲስ አልነበረም። እአአ በ1895 በኢሊኖይ ግዛት፣ ሃርቫርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ከተማዋ ከስመ ጥሩው ዩኒቨርሲቲ ጋር የምትጋራው ስሟን ብቻ ነው። በልጅነቱ ባቡር በቆመ ቁጥር ለመንገደኞች ፈንዲሻ ይሸጥ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ መኮንንነት ፈረንሳይ ዘመተ።

ከጦርነቱ መልስ፣ በ1921፣ ከወዳጁ ኤድዋርድ ስቱዋርት ጋር በዊስኮንሲን ግዛት የባትሪ ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ባልተከፈለ ግብር ምክንያት ታሸገ። ጋልቪን ምሳ በልቶ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ፣ ካፖርቱም ውስጥ ቀርቶ እንደጠበቀው ይተረካል። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቺካጎ አቀናና በአንድ የከረሜላ ፋብሪካ ባለቤት ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ከዚያም ከስቱዋርት ጋር ዳግም ሞከረ፤ በ1928 ዳግም ከሰረ።

ከሁለተኛው ኪሳራ ግን አንድ ነገር አተረፈ። የዚያ ዘመን የቤት ሬዲዮ የሚሠራው በባትሪ ነበር፤ የስቱዋርት ፋብሪካ ደግሞ ሬዲዮን ከቤት መብራት ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ያመርት ነበር። ንብረቱ በሐራጅ ሲሸጥ ጋልቪንና ወንድሙ ጆሴፍ የዚህን መሣሪያ ንድፍና ማምረቻ በ750 ዶላር ገዙ። መስከረም 25 ቀን 1928 በ565 ዶላር መነሻ ገንዘብና በ5 ሠራተኞች ጋልቪን ማኑፋክቸሪንግ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ሳምንት ጠቅላላ ደመወዝ 63 ዶላር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በቀጥታ በመብራት የሚሠሩ ሬዲዮዎች መጡና መሣሪያው ገበያ አጣ። በ1929 ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። ጋልቪን ፊቱን ወደ መኪና ያዞረው በዚህ ጭንቅ መካከል ነው። የመኪና ሬዲዮ ከእሱ በፊትም ነበር፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም፣ ገጠማውም የቀናት ሥራ ይጠይቅ ነበር። ከመቀመጫ ሥር የሚገቡ ባትሪዎች፣ በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ የሚዘረጋ አንቴና፣ ከመንገድ ንቅናቄ ጋር የሚታገሉ ተሰባሪ ቱቦዎች ሁሉ ቦታ ይሹ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ጩኸቱ ነበር። ሞተር ሲነሳ ካንዴላዎቹ የሚረጩት ብልጭታ ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ይፈጥራል፤ ዲናሞውም የራሱን ጉርምርምታ ይጨምራል። ዊልያም ሊር (በኋላ በጄት አውሮፕላኑ የታወቀው) እና ወጣቱ ኤልመር ዌቨሪንግ ከጋልቪን ጋር ሆነው ይህን ረብሻ አንድ በአንድ እያሳደዱ አፈኑት።

ችግሩ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ፋብሪካው በገጠመው የመኪና ቴፕ ላይ ዉፈርና ማጉያ የሚጨምር ባለሙያ ያውቀዋል፤ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚወጣው ፉጨት የሚመጣው ከዚያው ከኃይል ማመንጫው ነው። ስለዚህ የማጉያውን ዋና ገመድ በቀጥታ ከባትሪ ያመጣል፣ የድምፁን ገመድ ከእሱ አርቆ በሌላ ጎን ያሳልፋል፣ ኔጋቲቩን ቀለሙ በተፋቀ የመኪናው ብረት ላይ በአጭሩ ያስራል። ፊውዙን ደግሞ ከባትሪው አጠገብ ያደርጋል፤ ያለዚያ የተላጠ ገመድ መኪናውን ሊያነደው ይችላል።

እሳቱን ጋልቪንም ቀምሶታል። ብድር ሲፈልግ የባንኩን ሰው ለማሳመን በፓካርድ መኪናው ላይ ሬዲዮ አስገጠመለት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መኪናው በእሳት ተያያዘ ይባላል። ብድሩም ቀረ።

የ1930ው ሬዲዮ ከነገጠማው ከ110 እስከ 130 ዶላር ያወጣ ነበር፤ አዲስ ፎርድ ከ600 ዶላር በታች በሚገኝበት ዘመን ቀላል ወጪ አይደለም። ስሙን ከሞተር እና በጊዜው የሸክላ ማጫወቻዎች ይጠሩበት ከነበረው ኦላ ከሚል መድረሻ አገናኝቶ ሞቶሮላ አለው። በእኔ እምነት ግን ሥራውን ያቃናው ከስሙ ይልቅ የ1934ቱ ስምምነት ነው። የጎማ አምራቹ ጉድሪች በመደብሮቹ ሬዲዮውን እንዲሸጥና እንዲገጥም ሲስማማ፣ ዋጋው ከነገጠማው ወደ 55 ዶላር ወረደ። ጎማ ሊቀይር የመጣ ሰው ሬዲዮ አስገጥሞ የሚወጣበት ጊዜ ሆነ። የናይሮቢ ማታቱዎች በዉፈር ብርታት ተሳፋሪ የሚሻሙበት ልማድ የሩቅ ዘር ቢፈለግለት እዚያ ሳይደርስ አይቀርም።

በ1936 ጋልቪን ከቤተሰቡ ጋር አውሮፓን ጎበኘ። በሂትለር ጀርመን ያየው ጦርነት እንደማይቀር አሳመነው፤ ተመልሶም ድርጅቱን ወደ መገናኛ ሬዲዮ አዘነበለ። በ1940 በእጅ የሚያዘው፣ በ1943 ደግሞ በጀርባ የሚታዘለው የወታደር ሬዲዮ ከዚያው ቤት ወጡ።

ድርጅቱ በጦርነቱ ሥራ በተጠመደበት በ1942 ባለቤቱ ሊሊያን ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ቺካጎ አጠገብ ባለው መኖሪያ ቤታቸው ተገድላ ተገኘች። ገዳዩ አልተያዘም። ጋልቪን ሐዘኑን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በ1947 ድርጅቱ የሬዲዮውን ስም ወርሶ ሞቶሮላ ተባለ። በ1956 ፕሬዚዳንትነቱን ለልጁ ለሮበርት አስረከበ፤ እአአ በኅዳር 1959 በ64 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። ከሞተ 13 ዓመት ካለፈ በኋላ የሞቶሮላ መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ በተንቀሳቃሽ ስልክ ደወለ። የመኪና ሬዲዮ ማምረቱን ግን ድርጅቱ በ1980ዎቹ አቆመ።