የዶክተር አልፍሬድ ሀውፕትማን ታሪክና የሚጥል በሽታ መድኃኒት

በሚጥል በሽታ ሕክምና ታሪክ ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች መካከል እንደ ዶክተር አልፍሬድ ሀውፕትማን ዕድል የጠመመበት ያለ አይመስለኝም። ፈልጎ ያላገኘው ነገር ስፍር ቍጥር ለሌለው በሽተኛ መድኃኒት ሆነ፤ እርሱ ግን በገዛ አገሩ እንደ ወንጀለኛ ታሠረ። የሕክምና ተማሪ የሆኑት ጓደኞቻችን ስሙን ከመጽሐፍ ያውቁት ይሆናል፤ ለቀረነው ግን ታሪኩን ባጭሩ ማቅረብ ይገባል ብዬ አሰብሁ።

ሀውፕትማን የተወለደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኦገስት 29 ቀን 1881 ዓ.ም. ግላይቪትስ በምትባል፥ ያን ጊዜ የጀርመን በነበረች ዛሬ ግን በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ከተማ ነው። ትውልዱ ከአይሁድ ወገን ነበረ። ሕክምና ከተማረ በኋላ በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮና የነርቭ በሽታ ክሊኒክ፥ በፕሮፌሰር ሆኸ ሥር ረዳት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ።

በዚያ ዘመን ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ብሮማይድ ነበረ። ይህም ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ የጨው ዓይነት ነው፤ መጣሉን ጥቂት ቢቀንስም በሽተኛውን ያፈዘዋል፥ ቆዳውንም በሽፍታ ያበላሸዋል። በሌላ በኩል ጀርመናዊው ኬሚስት ባየር በ1864 ዓ.ም. ባርቢቱሪክ አሲድ የሚባለውን ቅመም ሠርቶ ነበር። (ስሙን ያወጣለት በእኛም ስንክሳር ከምትታሰበው ከቅድስት በርባራ ነው የሚሉ አሉ።) ከዚህ ቅመም ልዩ ልዩ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ተወለዱ፤ ከነዚያም አንዱ በ1912 ዓ.ም. የባየር ፋብሪካ ሉሚናል ብሎ ለገበያ ያወጣው፥ ዛሬ እኛ ፌኖባርቢታል የምንለው ነው።

እንደሚነገረው ወጣቱ ሀውፕትማን የሚያድረው የሚጥላቸው በሽተኞች ከሚተኙበት ክፍል አጠገብ ስለ ነበረ፥ ሌሊት ሌሊት ከአልጋቸው ሲወድቁና ሲንፈራገጡ እንቅልፍ ያጣ ነበር። እንግዲህ እነርሱም ይተኙ፥ እኔም ልተኛ ብሎ ይመስላል አዲሱን የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣቸው። ሌሊቱ ጸጥ አለ። ይህስ የሚጠበቅ ነው። የሚያስደንቀው ግን ቀን፥ ነቅተው ሳሉ እንኳ መጣሉ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በሰላም መተኛቱ ይበቃው ነበር፤ እርሱ ግን ነገሩን ተከታትሎ፥ ብሮማይድ ያልረዳቸውን በሽተኞች ሁኔታ መዝግቦ በዚያው በ1912 ዓ.ም. በሙኒክ የሕክምና መጽሔት አሳተመው። ወዲያው ታላቁ ጦርነት ስለ ተነሣ ዜናው ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ሐኪሞች የደረሰው ዘግይቶ ነው።

መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ነርቮችን የሚያረጋጋውን ጋባ የሚባለውን ንጥረ ነገር ጉልበት ይጨምርለታል። ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ የዋጡት ግማሹ እስኪወጣ በአዋቂ ሰው ላይ ሦስትና አራት ቀን ያህል ይቈያል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ፥ ማታ መዋጥ ይበቃል። ዋጋው ርካሽ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጠባዮች ለእኛ አገር ምን ያህል እንደሚጠቅሙ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ይረዳዋል። እኔ ባደግሁበት በስማዳ፥ በወገዳ ገበያ መካከል ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ሕዝቡ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ሊያሸትተው ይሯሯጣል፥ ለሃጩ እንዳይነካው የሚፈራውም ወደ ኋላ ይሸሻል። በጋይንትም በእስቴም ልማዱ ያው ነው። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚበልጠው ጉዳት ከምድጃ ላይ መውደቅ ነው፤ ፊቱን ወይም እጁን እሳት የበላው ሰው በየመንደሩ አይታጣም።

በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ) በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ታውቋል። በጎንደር ክፍለ ሀገር በኋላ ነርሶች በየጤና ጣቢያው በሽተኞችን ሲከታተሉ ዋናው መሣሪያቸው ያው የሀውፕትማን ኪኒን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1977 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያ የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን መተው የለበትም፤ በድንገት ያቋረጠ እንደ ሆነ መጣሉ ያለ ፋታ እየተደጋገመ ሊገድለው ይችላልና። ብዙ ቤተ ሰብ ግን ልጁ ሁለት ወር ደኅና ሲሰነብት ድኗል ብሎ ያስተወዋል።

ወደ ሀውፕትማን እንመለስ። በጦርነቱ ጊዜ በወታደር ሐኪምነት አገሩን አገለገለ፤ በ1926 ዓ.ም. በሀሌ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮና የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰርነት ወንበር ተሰጠው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ የናዚ መንግሥት አይሁዳዊ ነህ ብሎ ከወንበሩ አነሣው። በኖቬምበር 1938 ዓ.ም. የአይሁድ ምኵራብ ሁሉ ሲቃጠል እርሱንም ይዘው ወደ ዳኻው እስር ቤት ወሰዱት።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በመድኃኒቱ ላይ የተሠራው ነው። ያው መንግሥት በ1933 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ የሚጥል በሽታ በዘር የወረደበትን ሰው እንዳይወልድ ማምከን ጀምሮ ነበር። ከ1939 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በየሆስፒታሉ የነበሩ ሕሙማንንና አካለ ስንኩል ሕፃናትን በሉሚናል መግደል ተያዘ። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም ብለን አልነበረምን? በየቀኑ ከመጠን በላይ ሲሰጥ ይከማቻል፤ ሕፃኑ ይደነዝዛል፥ ትንፋሹ ይደክማል፥ በመጨረሻም በሳንባ ምች ይሞታል። ወላጆቹም በሽታ ገደለው ተብሎ ይጻፍላቸዋል። ይህን ያደረጉት ዲፕሎማ ያላቸው ሐኪሞች ነበሩ።

ሀውፕትማን ከዳኻው ከተፈታ በኋላ በስዊስ በኩል አድርጎ አሜሪካ ገባ። ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቶ ሳለ በቦስተን ከተማ ሥራን እንደ ገና ጀመረ፤ እንደ እርሱ ከተሰደደው ከፕሮፌሰር ታንሃውዘር ጋር ሆኖም በ1941 ዓ.ም. በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ መሰለል በሽታ ገልጦ ጻፈ። ያም በሽታ በሁለቱ ስም ሲጠራ ኖሯል። ወደ ሀሌ ወንበሩ ሳይመለስ ኤፕሪል 5 ቀን 1948 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ እዚያው ቦስተን ዐረፈ።