አቡነ ያዕቆብ፦ ሰውን በቤቱ የጎበኙ እረኛ

በዲላና በጌዴኦ ቁምስናዎች የምንኖር ምእመናን መጠያየቅን ከአባቶቻችን ወርሰናል። ሆኖም እግራችን ደጃፉን አልፎ ልባችን ውጭ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚህ ዕትም የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን፣ በአገራችን አጠራር የአቡነ ያዕቆብን ሕይወት ባጭሩ እናስታውሳለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቡነ ያዕቆብ በ1800 በደቡብ ኢጣልያ፣ በሳን ፌሌ ተወለዱ። በ1818 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ መሠረቱት ማኅበር ገብተው በ1824 ቅስና ተቀበሉ። ቅዱስ ቪንሰንት በ1617 በፈረንሳይ አገር፣ በሻቲዮን፣ ድሆች በሽተኞችን በየቤታቸው ለሚጠይቁ ሴቶች ደንብ ጽፈው ነበር። ደንቡ ምግቡን በደስታና በፍቅር እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ደግሞም አስታማሚ ካለው በሽተኛ ጀምረው ብቸኛውን በመጨረሻ እንዲጎበኙ ይነግራቸዋል፤ በእርሱ ዘንድ ሳይቸኩሉ ይቆዩ ዘንድ ነው። አቡነ ያዕቆብ የታነጹት በዚህ መንፈስ ሲሆን፣ በ1836 እና በ1837 ኮሌራ ኔፕልስን በመታ ጊዜ ሕሙማኑን አገልግለዋል።

በ1839 በምጽዋ በኩል ዐድዋ ገቡ። የካቶሊክ ካህን በጥርጣሬ ይታይ ስለ ነበር ለመስበክ አልቸኮሉም። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፤ የሕዝቡንም ኑሮ ኖሩ። በ1840 መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ለተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር፣ ለሕዝቡ ካላቸው ፍቅር የተነሣ እንደ መጡና በሕማማቸውም ሆነ በኀዘናቸው ሊጠይቋቸው ዝግጁ እንደ ሆኑ ገለጡ። በ1841 ወደ ካይሮና ወደ ሮም በተደረገው ጉዞ ያጀቧቸው ሊቁ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤልም ከክርክር ይልቅ በትሕትናቸው ተማርከው ኋላ የእምነታቸው ተካፋይ ሆኑ።

አቡነ ያዕቆብ በ1849 የጵጵስና ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1854 በጎንደር ታሰሩ፤ ቆይተውም ተሰደዱ። ሐምሌ 31 ቀን 1860 በትኩሳት ተይዘው፣ በመንገድ ላይ ሳሉ በአሊጋዴ ሸለቆ ዐረፉ። መቃብራቸው ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው ሄቦ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ቅድስናቸውን አወጁ።

ይህ ሕይወት እኛን ይመረምረናል። በጌዴኦ ኮረብታዎች ቤቶቻችን በእንሰትና በቡና ተክል ተሸሽገዋል፤ የአንዱ ለቅሶ ለሌላው ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። እኛም ብዙ ጊዜ ቡና ተፈልቶ ወደሚጠብቀን ቤት እንሄዳለን፤ ማንም የሌላትን አሮጊት በደጇ ሰላም ብለን እናልፋለን። ከቤተ ክርስቲያን የራቀውንም ወንድማችንን ስለ መዋጮው ካልሆነ በቀር አንጠይቀውም፤ እርሱም ይህን ያውቃል። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለመስማት እንጂ ለመቁጠር አንሂድ፤ ብቸኛውንም በመጨረሻ እንጎብኘው፣ በቤቱም እንቆይ።

የአቡነ ያዕቆብ አማላጅነት አይለየን።